ኢቫኖቮ፣ ከሰው የሸሸ ሁሉ የተጠለለባት

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቡልጋሪያ መጀመሪያ ሰፈር ነው። የታክሲ ረዳቱ «ቡልጋሪያ! ቡልጋሪያ!» ሲል አገሩ ትዝ የሚለው የለም። አንዳንዶቻችን ደግሞ እዚያ የተማረ ዘመድ አለን። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ከተላኩት ልጆች አንዳንዶቹ ዋና ከተማዋ ሶፊያ ነው የደረሱት። አጎቴ አንዱ ነው፤ ግብርና ተምሮ ተመለሰ። እኔ አሁን የምኖረው ጀርመን ነው። ለዕረፍት ኢቫኖቮ የምትባል መንደር ልሄድ ነው ብዬ ስደውልለት ሳቀብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ባሕሩን ትተሽ፣ ሶፊያን ትተሽ፣ እዚያ ምን አለ ብለሽ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን አለ ጋሼ።»

«እሱማ የት የለም!» ብሎ ወሬውን ወደ እርጎ ቀየረው። ቡልጋሪያ ሲነሳ የሱ ወሬ መጨረሻው ሁሌም እርጎ ነው።

ኢቫኖቮ በሰሜን ቡልጋሪያ ያለች፣ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። የዳኑብ ዳር ከተማ ከሆነችው ከሩሴ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከሶፊያ ከመምጣት ከሮማኒያ ዋና ከተማ ከቡካሬስት መምጣት ይቀላል። ከቡካሬስት እስከ ሩሴ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ዳኑብ አለ። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ከ1952 እስከ 1954 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያን ጊዜ «የወዳጅነት ድልድይ» ተባለ። ሶሻሊስት አገሮች በዚያ ዘመን የሠሩት ነገር ግማሹ ወዳጅነት፣ ግማሹ ሰላም ይባል ነበር መሰለኝ። ሁለቱ አገሮች በ2025 መጀመሪያ በየብስም ሼንገን ውስጥ ስለገቡ መደበኛው የድንበር ፍተሻ ቀርቷል። የመኖሪያ ፈቃድ በእጁ ይዞ የፖሊስ ፊት እያነበበ የቆመ ሐበሻ ይህን ነገር አቅልሎ አያየውም።

ብዙው ቱሪስት ኢቫኖቮን የሚያውቃት እንደ ማረፊያ ነው። ጠዋት ከቡካሬስት የተነሳ ሚኒባስ ወደ ጥንቷ ዋና ከተማ ወደ ቬሊኮ ታርኖቮ ሲወርድ እዚህ ትንሽ ይቆማል። ሰዎቹ ዋሻው ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። መንደሯን የሚያያት የለም። እኔ ግን እዚያው አደርኩ። ባላድር ኖሮ ሸለቆው ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

የመንደሯ ቤቶች ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ቀይ ሸክላ የለበሱ ናቸው። በየግቢው የወይን ዳስ አለ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የዋልነት ዛፍ፣ ጽጌረዳ። ከሦስት አራት ቤት በኋላ ግን አንድ የተዘጋ ይመጣል። ከዚያ ጣሪያው የገባ። ከዚያ እንደገና አንድ የተቀባ፣ አበባ የተደረደረበት። ቡልጋሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ዘጠኝ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። የ2021 ቆጠራ ያገኘው 6.5 ሚሊዮን ነው። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም፤ በሰላም ጊዜ ነው ሰዉ እንዲህ የቀነሰው። የሚወለደው አነሰ፣ ወጣቱ ወጣ። ወደ ሩሴ፣ ወደ ሶፊያ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ እንግሊዝ። ያከራዩኝ እናት ልጆቻቸው ሁለቱም ውጭ ናቸው። እኔም የሌላ እናት ውጭ ያለች ልጅ ነኝ፤ ለዚያ ይሆናል ምግብ ሲያበዙብኝ እንቢ ማለት ያልቻልኩት።

ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ ግን በሮቹ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። በየአጥሩ፣ በየመብራት ምሰሶው፣ በአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የሰው ፎቶ ያለበት ነጭ ወረቀት አለ። ጥቁር መስመር ዙሪያውን፣ ከላይ መስቀል፣ ከሥር ስምና ጥቂት መስመር ጽሑፍ። መጀመሪያ የጠፋ ሰው ፍለጋ መሰለኝ። የሞት ማስታወቂያ ነው። በቡልጋሪያ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ይህን ያሳትምና በሩ ላይ ይለጥፋል። እዚያ አያበቃም። በ40 ቀኑ አዲስ ይለጠፋል፤ በመንፈቁ ሌላ፤ በሙት ዓመቱ ሌላ። አንዳንድ በር ላይ ፀሐይ ያነጣው የዱሮው ከአዲሱ አጠገብ ተለጥፏል። ባልየው፣ ከጎኑ ደግሞ ሚስትየው።

አርባ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ይህን ለኔ ማን ያስረዳኛል? እናቴ ቀን የምትቆጥረው በዚሁ ነው። እኛ ሰልስቱንና ሰማንያውን እንጨምርበታለን፣ ለተዝካር ድግስ እንደግሳለን፤ እነሱ የተቀቀለ ስንዴ በስኳር አድርገው ያድላሉ። ለአከራዬ በስልክ አስተርጓሚ የኛን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ግራ ቀኝ ነቀነቁ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ዝም አልኩ። ለካ እዚያ አገር ግራ ቀኝ መነቅነቅ «አዎ» ማለት ነው፤ ወደ ላይ መነቅነቁ ነው «የለም» የሚባለው። እኔም በተራዬ እንደ ልማዳችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «አዎ» ስላቸው ደንግጠው ውኃ አመጡልኝ።

ከመንደሯ በታች ሸለቆው ነው። ጥቁር ሎም እና ነጭ ሎም የሚባሉ ሁለት ወንዞች ኢቫኖቮ አጠገብ ይገናኙና ሩሴንስኪ ሎም የሚባለውን ይሠራሉ። ጥቁርና ነጭ ተገናኙ ሲባል የኛ ሰው ካርቱምን ያስባል፤ የዚህኞቹ ግን መጠነኛ ወንዞች ናቸው። በአባይ የለመደ ዓይን ወንዝ ብሎ ለመጥራት ያመነታል። ሥራቸው ግን ቀላል አይደለም። ምድሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ውኃው ይህን ለስላሳ ድንጋይ ለዘመናት እየበላ እባብ መሳይ ጠመዝማዛ ገደል ሠርቷል። ከላይ ሜዳ ላይ ሆናችሁ ስታዩት ስንዴና ሱፍ ብቻ ነው፤ ገደል መኖሩ አይታወቅም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ነው መሬቱ ድንገት የሚከፈተው። የተፈጥሮ ፓርክ ሆኖ የተከለለው በ1970 ነው።

ለመደበቅ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ስለዚህ መነኮሳቱ መጡ።

ባሕታውያን እዚህ ገደል ላይ በዓት መፈልፈል የጀመሩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1220ዎቹ ዮአኪም የሚባል፣ ቀድሞ በአቶስ ተራራ የኖረ መነኩሴ ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይዞ መጣ። ዝናው ንጉሡ ጋ ደረሰ። ዳግማዊ ኢቫን አሰን መጥቶ አየው፤ ወርቅ ሰጠው። በዚያ ወርቅ በሊቀ መላእክት ሚካኤል ስም ትልቁ የዋሻ ገዳም ተቆፈረ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከሰው ሸሽቶ ገደል የገባው ዮአኪም በ1235 የቡልጋሪያ ፓትርያርክ ሆነ። በኛም ታሪክ እንዲህ ነው፤ መነኩሴ በሸሸ ቁጥር ንጉሥ ይከተለዋል። ሰፈሩ ሲሞላ 40 ገደማ አብያተ ክርስቲያናትና 300 ያህል ሌሎች ክፍሎች ነበሩት። አብዛኛው ዛሬ የለም። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ ለመፈልፈል የመቸውን ያህል ለመፍረስም አያስቸግርም።

ለጎብኚ የተከፈተው ዋናው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከወንዙ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ ተቀምጧል። በጫካ ውስጥ በደረጃ ትወጣላችሁ፤ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ሩቅ አይደለም። በሩ ጋ ስደርስ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ትኬት የሚቆርጡት ሰውዬ ምን ነካት በሚል ዓይን አዩኝ። እዚያ ጫማ አይወለቅም። ለነገሩ ቅዳሴም የለም፤ ሙዚየም ነው።

ውስጡ ጠባብ ነው። ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ ጣሪያውን ይነካዋል። ግን ቀና ስትሉ ሰማዩ ሁሉ ሰው ነው። ሥዕሎቹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ በንጉሥ ኢቫን አሌክሳንደር ዘመን (1331–1371) የተሠሩ። ንጉሡ ራሱ ግድግዳው ላይ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ትንሽ አምሳያ በእጁ ይዞ ለእመቤታችን ሲያቀርብ። ጣሪያው በሕማማት ሰሞን ታሪክ ተሞልቷል። ሕጽበተ እግር፣ የጸሎተ ሐሙስ እራት፣ የይሁዳ መሳም፣ የጴጥሮስ ክህደት፣ ይሁዳ ተሰቅሎ። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ያለ አስጎብኚ ያነበዋል። ከቅዱሳኑ ጀርባ ያሉትን ሕንፃዎች ልብ ብላችሁ እዩ። ዓምዶቹን የተሸከሙት ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ጥንት የግሪክ ሐውልት ጡንቻቸው የወጣ። ገዳም ውስጥ ይህን የሣለው ሰው ማን እንደነበረ ስሙ አልቀረም። አበምኔቱ ምን ብለውት ይሆን?

ሁሉም ሐበሻ እዚህ ሲደርስ «ላሊበላ!» ማለቱ አይቀርም። ላሊበላ በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በ1978 ነው፤ ኢቫኖቮ በዓመቱ በ1979። ግን ልክ አይመስለኝም። ላሊበላ ሙሉ ሕንፃ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ከአለቱ ተፈልቅቆ የወጣ። ይኼኛው የነበረ ዋሻ ሰፍቶ፣ ተለስኖ፣ ተሥሎበት ነው። ዘመዱ ገርዓልታ ያለው አቡነ የማታ ጉሕ ነው። እሱም ገደል ላይ ነው፣ ውስጡም ሥዕል ነው። ልዩነቱ ጉሕ ላይ ቄሱ ቁልፍ ይዘው በባዶ እግር ይወጣሉ፤ ሕፃን ክርስትና ይነሳል፤ ዕጣን ይጤሳል። ኢቫኖቮ ንጹሕ ነው። ብልጭታ ያለው ፎቶ ክልክል፣ ግድግዳ መንካት ክልክል፣ ብዙ መቆየትም አይበረታታም። ሥዕል አዋቂዎች የኢቫኖቮን መንገድ እንደሚመርጡ አውቃለሁ፤ ሻማና ዕጣን ቀለም ያጠቁራል። እኔ ግን ጢሱ ያለበትን እመርጣለሁ። ጸሎት የተቋረጠበት ቤት ሥዕሉ ቢያምርም የሆነ ነገሩ ወጥቷል።

እዚህ ለጠፋብኝ ነገር መልሱ ያለው ባሳርቦቮ ነው። በዚያው ወንዝ ዳር፣ ወደ ሩሴ ቀረብ ብሎ የሚገኝ፣ በቡልጋሪያ እስከ ዛሬ መነኩሴ የሚኖርበት ብቸኛው የዋሻ ገዳም። በ1431 በኦቶማን የግብር መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በኋላ ጠፍ ሆኖ ቆይቶ በ1937 አንድ መነኩሴ መጥተው አቀኑት። ሥዕሉ አዲስ ነው፣ ደረጃው ታጥሯል፣ አበባው በዝቷል። እንደ ኢቫኖቮ አፍ አያስይዝም። ግን አሮጊቶች ሻማ ይዘው ይመጣሉ፤ በሕይወት ላለ ሰው ከላይ፣ ለሞተ ከታች አሸዋው ላይ ይተክላሉ። እኔም ከላይም ከታችም ተከልኩ። ሃይማኖታችን በኬልቄዶን ጉባኤ ተለያይቷል፤ ሻማ ለመትከል ግን የከለከለኝ አልነበረም።

የገዳሙ ቅዱስ ዲሚታር ይባላል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የዚያው መንደር እረኛ። ገድሉ እንዲህ ይላል። አንድ ቀን ሣር ውስጥ የወፍ ጎጆ ሳያይ ረገጠ። ጫጩቶቹ ሞቱ። ከጸጸቱ የተነሳ ለሦስት ዓመት ያንን የረገጠበትን እግሩን ጫማ ሳያደርግ ኖረ፤ በበረዶም በሐሩርም። በአንድ እግሩ ቆሞ ሰባት ዓመት የጸለየውን ተክለ ሃይማኖትን እያየ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። የኔን ልብ የነካው ግን ምክንያቱ ነው። ሰው አልገደለም፤ ንጉሥ አልተቃወመም፤ ጫጩት ነው የረገጠው። ዐፅሙ ዛሬ ገዳሙ ውስጥ የለም። በ1774 የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ሲያልቅ የሩሲያው ጄኔራል ሳልቲኮቭ ወደ አገሩ ሊወስደው ነበር፤ አንድ ነጋዴ ለምኖ ቡካሬስት አስቀረው። እረኛው ያንን የሚያህል ከተማ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ቡካሬስት የፓትርያርኩ ካቴድራል ውስጥ ሰልፍ ጠብቃችሁ ትሳለሙታላችሁ።

ቼርቬን ሌላ ነገር ነው። በጥቁር ሎም ጥምዝ ላይ፣ በሦስት በኩል ገደል በሆነ አለት ጫፍ የተሠራ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ነበር። ከተማ ስላችሁ የምር ከተማ፤ የጳጳስ መንበር፣ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በየቦታው፣ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ። በ1388 ኦቶማኖች ያዙት። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተዳከመ፤ በምትኩ ሩሴ ገነነች። ከፍርስራሹ ሙሉ ሆኖ የቆመው ባለ ሦስት ፎቅ ማማው ነው፤ 12 ሜትር ከፍታ አለው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቬሊኮ ታርኖቮ ውስጥ የንጉሠ ነገሥት ባልድዊን ግንብ የሚባለውን እንደገና ሲሠሩ ሞዴል ያደረጉት ይህንን ነው። ቱሪስቱ ታርኖቮ ላይ ተሰልፎ ቅጂውን ፎቶ ያነሳል። ዋናው እዚህ ብቻውን ቆሟል፤ እኔ በሄድኩበት ከሰዓት ከኔ ሌላ እንሽላሊት ነበር። ደረጃው ግን ይገድላል፤ በጠዋት ሂዱ።

ኦርሎቫ ቹካ የሚባለው ዋሻም አለ። በ1941 የተገኘ ነው፣ ውስጡ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ የሌሊት ወፍ ሞልቶበታል። በብርዱ ወራት የሌሊት ወፎቹ እንዳይረበሹ ይዘጋል። ዋሻ ዋሻ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ማታ ለአከራዬ የት የት እንደሄድኩ ስነግራቸው ያልጠበቅኩትን ነገር አነሱ። «አሞራውን አየሽው?» የሚሉት የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለውን ነው። ነጭ ላባ፣ ቢጫ ፊት፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር። በነዚህ የሎም ገደሎች ላይ ጎጆ ሲሠራ የኖረ ወፍ ነው። ዛሬ ባልካን ውስጥ ከመቶ ጥንድ በታች ነው የቀረው። አላየሁትም። ስልኬ ላይ ስለሱ ሳነብ ግን ተነስቼ ተቀመጥኩ። ሳይንቲስቶች ጀርባው ላይ ትንሽ የሳተላይት መከታተያ አስረው የት እንደሚከርም ሲያዩት መንገዱ ቱርክን፣ የሲና በረሃን፣ የናይልን ዳር አልፎ ቻድ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ይደርሳል። ከኢትዮጵያም አፋር። አዋሽ አካባቢ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ተደርድረው ያድራሉ፤ ቀን ቀን ቄራና ቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ይውላሉ።

አስቡት እንግዲህ። ቡልጋሪያ ውስጥ ለዚህ ወፍ ጎጆ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ገደል ሥር ድንኳን ተክሎ እንቁላል እንዳይሰረቅ የሚያድር። ያ ወፍ መስከረም ላይ ተነስቶ ይሄዳል። የሚተርፈው ወይም የሚሞተው ግን አፋር ላይ በሽቦው አተካከልና ለጅብ በተቀመጠ መርዝ ነው። ስለዚህ የቡልጋሪያና የኢትዮጵያ የወፍ ማኅበራት አብረው ሠርተዋል፤ ምሰሶ ላይ ያደሩትን ቆጥረዋል፣ ወፍ የሚገድለውን መስመር ለይተዋል። ቱሪስቱ የቱንም አያውቀውም። የጉብኝት ወረቀቱ «ዕይታው ያማረ ገደል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንኳን አፋርን አንድ ቀን አላየሁትም፤ ይኼ ቡልጋሪያዊ አሞራ በየዓመቱ ይከርምበታል።

ለአጎቴ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። «እኛን የላኩን በአውሮፕላን ነበር» አለ በመጨረሻ፣ «ይኼ ደግሞ በነፃ ይመላለሳል!»

መሄድ ለሚፈልግ ጥቂት ነገር ልጨምር። ጥሩው ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነው፤ በነሱ ክረምት ብዙው ቦታ ዝግ ነው። ባቡር ኢቫኖቮ ይቆማል፤ የዋሻው ቤተ ክርስቲያን፣ ባሳርቦቮና ቼርቬን ግን ተራርቀው ስለሆነ መኪና ያስፈልጋል፤ ሩሴ ላይ መከራየት ይቻላል። ካርድ የማይቀበል ቦታ ስላለ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ፣ የገዳም ባቄላ የሚሉት ሾርባ በየቦታው አለ፤ ስጋ እንዳይገባበት ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቤት ለቤት ይለያያል። ሲመልሱላችሁ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ሳይሆን አፋቸውን ስሙ።